በአራስ ቤት የዋልነው ጥምቀት

ዘንድሮም እንደ ልማዴ ለጥምቀት ከቤቴ አልወጣሁም። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር ተድሮ፣ ጎንደር ጡረታ ወጥቶ ሲያበቃ፣ ሰው ከባሕር ማዶ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለትን በዓል ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሰው ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ስለሌለ፣ ልጆቼ ከገና ማግስት ጀምረው ይነዘንዙኛል፤ አንዱ ባጃጅ እስከ በር አመጣልሻለሁ ይላል፣ ሌላዋ ወንበር ተሸክመንልሽ እንሄዳለን ትላለች፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል ብዬ እገላገላቸዋለሁ። ጉልበቴን ማመሙስ ያመኛል፤ ብቻ ማክሰኝት ገበያ ወርጄ ዶሮ መርጬ ስመለስ አሞኝ እንደማያውቅ እነሱም አይስቱትም።

ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰው ወጥተው ግቢው ጭር ሲል፣ ወንበሬን ፀሐይ ወዳረፈችበት የበረንዳው ጥግ ጎትቼ፣ አንድ ብርጭቆ ጠላ ከአጠገቤ አድርጌ፣ ገና እግሬን ከመዘርጋቴ ከጓሮ ካለችው ተከራይ ቤት አንድ ሽታ መጣ። የገንፎ ሽታ ነው፤ ግን እንዲሁ የገንፎ ብቻ አይደለም፤ ኮሰረት የገባበት የተነጠረ ቅቤ አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ አብሽ አለ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ያ ወተት ወተት የሚለው የጨቅላ ልጅ ሽታ አለ። ተከራይዋ ባለፈው ሳምንት መውለዷን አውቃለሁ፤ ገንፎዋንም ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሜ የቀመስሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ሰዉ ሁሉ ወጥቶ፣ ከተማው ወዲያ ማዶ እየጮኸ፣ ሰፈሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሲሸተኝ ጊዜ ከበረንዳው አንስቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ።

ያኔ የምንኖረው ከደብራችን ዝቅ ብሎ በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። ታቦታችን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድም ሲመለስም የሚያልፈው በካባችን ጥግ በምትሄደው መንገድ ነውና እናቴ ይህችን መንገድ እንደ ርስቷ ትቆጥራት ነበር። አባቴ አናጢ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት በዚያ ዓመት ከታቦቱ ፊት ዱላ ይዘው ከሚጨፍሩት ጎረምሶች አንዱ ለመሆን በቅቶ ስለነበር፣ ቤት ውስጥ መሬት አልበቃው ብሎ ነበር። ካቡ ላይ እየወጣ ጭፈራ ሲለማመድ ሁለት ድንጋይ ንዶ አባቴ በዚያው ዱላ ሊገርፈው ምንም አልቀረውም።

በዚያ ዓመት ግን ቤታችን አንድ ሰው ተጨምሮበት ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ወለላ፣ ከደባርቅ ወዲያ ድብ ባሕር ላይ አያ ሞላ ለሚባል ገበሬ የተዳረችው፣ ኅዳር ላይ እህል በጫነ ማኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣች። ከዚያ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፤ የመጀመሪያው በሳምንቱ፣ ሁለተኛዋ ክርስትና ልትነሣ ጥቂት ቀን ሲቀራት። የአያ ሞላ እናት ደግሞ ልጅ የማይበረክትላትን ምራት እስከ መቼ፣ ይኸኛውም ካልሆነ ለልጄ ሌላ አጭለታለሁ ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ይህን ሁሉ የሰማሁት እናቴና እትዬ ወለላ ሽንኩርት እየላጡ ሲንሾካሸኩ ነው፤ ልጅ አይገባውም ብሎ ልጅ ፊት የሚያወራ ትልቅ ሰው መቼም ሞኝ ነው። እኔ ሁሉም ገብቶኝ ነበር። እንዲያውም ከገባኝ በላይ አስቤ፣ እትዬ ወለላን ድብ ባሕር ላይ ጓዟን በራሷ ተሸክማ ከቤቷ ስትወጣ እያየሁ ቀን በቀን አለቅስ ነበር።

ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን ወንድ ተገላገለች። ስሙንም ቢያድግልኝ አለችው፤ ስም ይሁን ጸሎት ያልለየለት ነገር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የእናቴ ሕግ ወጣበት። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አንድ ሰው ከአጠገቧ አይጠፋም። ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፤ ቢላዋ ሲፈለግ ጠፍቶ አባቴ መዶሻውን ሰጠ፣ ከዚያም ሥራ በያዘ ቁጥር መዶሻውን እየፈለገ ሲበሳጭ ከረመ። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ ግን የፀሐይ ሕግ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው፣ በተለይ ፀሐይ የመታው፣ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ላቡ ሳይደርቅና ሰውነቱ ሳይበርድ አራስ ቤት አይገባም፤ ከገባ ምች ያስገባል፤ ምች ደግሞ ከፀሐይ ሰው ላይ ተሳፍሮ መጥቶ ጨቅላ ልጅን የሚያነድ በሽታ ነው። አራሷም ብትሆን ፀሐይ እንዳይነካት ከበር አትቆምም። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ የነፍስ አባታችንን ሳይቀር ጸበል ይዘው ሲመጡ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ፣ ግንባራቸውን በዓይኗ መርምራ ነው ያስገባቻቸው። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሳይታዘዝ በራሱ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ እሷ የአራስ ነብር ሆናለች፣ አራሷ ግን እህቷ ነች እያለ በሹክሹክታ ያማት ነበር።

የከተራ ለት ሲደርስ ግን ከአራሷ ጋር ማን ይቅር የሚል ጥያቄ መጣ። ታምሩ ጭፈራ አለበት፤ አባቴ የካህናቱን ድንኳን ከሚተክሉት ነው፤ እናቴ ደግሞ ጥምቀተ ባሕሩ ለሚያድሩት ካህናት ምግብ የማድረሱ ተራ የማኅበሯ በመሆኑ፣ እሷም የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ስለሆነች መቅረት ነውር ነው። ዞረው ዞረው ሁሉም እኔን አዩኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ የኔ ቀሚስ ሆኖ፣ ተሰፍቶ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጥለት ገብቶበት፣ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከጎረቤት ልጆችም ጋር ከግራር ዛፉ ሥር እንገናኝ ተባብለናል። መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስሁ። እናቴም ልቅሶው ሲያልቅ ንገሪኝ ብላ መሶቧን ማሰር ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱ ወጣ፣ ሰዉ እንደ ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ ጫጫታው ወደ ታች እየራቀ ሄዶ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። እኔ ጥግ ይዤ፣ ጀርባዬን ለአልጋው ሰጥቼ፣ እንዳኮረፍሁ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዶሮዎቻችን ጭረት ይሰማል፣ የቢያድግልኝ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከጎድጓዳው ሸክላ ውስጥ የጠላው ድፍድፍ ፍልቅ ፍልቅ ሲል ይሰማል።

“ምነው ኮሶ የጠጣሽ መሰልሽሳ?” አለችኝ እትዬ ወለላ ካልጋዋ ላይ።

ይበልጥ ወደ ጥጉ ተጠጋሁ።

“በይ ተነሽ፣ ቀሚስሽን ልበሽና ነይ። ቀሚስ የሚለበስ ለሺህ ሰው መሰለሽ? እኔና እሱ እንይሽ።”

የሚያየኝ ሰው ከሌለ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተከራከርሁ፣ ኋላ ግን ቀሚሱ ራሱ ከሳጥኑ ጠራኝና ለበስሁት። ዞር በይ አለችኝ፣ ዞርሁ። ተመለሽ አለችኝ፣ ተመለስሁ። አንተ ቢያድግልኝ እይ እንጂ፣ እንዲህ ያለች ሸጋ ጎንደር ላይ ማን ሊያሳይህ ነው አለችው፤ እሱም ዓይኑን እንኳ በቅጡ መግለጥ የማይችለው ሰውዬ አዛጋ። ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ማኩረፉ ከእኔ ጠፋ።

እንዲያ ያለ ዋዜማ፣ እንዲያም ያለ በዓል ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አልጋዋ ጫፍ አስቀምጣ ጸጉሬን ቅቤ ለመቀባትና ሹሩባ ለመሥራት ጊዜ አላት፤ ሌላ ጊዜ ማን አለው? እናቴ የምትሠራኝ አንዱን ዓይኗን ድስቱ ላይ አድርጋ፣ እኔን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ፣ ስስበው ዝም በይ እያለች ነው። እትዬ ወለላ ግን እያንዳንዷን ጉንጉን ስትጨርስ አቁማ ታየኛለች፣ ካልጣማት ፈትታ ትጀምራለች። እናቴ ለአራሷ ሠርታ የሄደችውን ገንፎ መሐሉ ላይ ያለውን የቅቤና የበርበሬ ጉድጓድ እየጠቀስን ሁለታችን ጨረስነው፤ ከዳር በልታ፣ ሁለተኛም ከዳር በልታ፣ መሐሉን ለኔ ትተዋለች። ልጅም አሳቀፈችኝ። እናቴ ትጥይዋለሽ ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አሳቅፋኝ የማታውቀውን ልጅ እትዬ ወለላ ጭኔ ላይ አድርጋ፣ አንቺ እያለሽ ማን ይወድቃል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። በዘጠኝ ዓመቴ እንደዚያ አምኖ ነገር የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ፣ ማለትም የጥምቀት ለት፣ ሁሉም ጎሕ ሳይቀድ ሲሄዱ እኔ እንኳን ላለቅስ ቶሎ ውጡልን የምል ሆኜ ነበር። ጨዋታም ፈጥረናል። ነፋሱ ከታች የሚያመጣውን ድምፅ እየሰማን ምን እንደሆነ መገመት ነው። ይኸ ጥሩምባ ነው፣ ይኸ ሰዉ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው፣ ይኸ እልልታ የእናትሽ ነው፣ እህቴ እልልታዋን ስትጨርስ ጉሮሮዋ ይያዛልና አያሳስተኝም ትላለች። ማታ እናቴን ድምፅሽ ዛሬ መሐል ላይ ተቆረጠ ስንላት ክው አለች፤ ማን ነገራችሁ ብትል ሁለታችንም ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ሌላ ጊዜ ደግሞ የድብ ባሕርን ጥምቀት ታወራልኛለች። አያ ሞላ በጎረምስነቱ ሎሚ ሊወረውርላት አስቦ፣ አነጣጥሮ፣ የአንዱን ዲያቆን ግንባር ማግኘቱን፣ ዲያቆኑም መስቀሉን ትቶ ድንጋይ ማንሣቱን፣ እሷም በዒላማው ሳይሆን በሽሽቱ እንደወደደችው ስትነግረኝ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅን። እንዲህ ሲያደርገን ቢያድግልኝ ተነሥቶ ያለቅሳል፣ እኛም ተደናግጠን ዝም እንላለን።

ከሳቁ መሐል ግን አንድ ነገር ነግራኛለች። ይህ ልጅ የዚህ ታቦት ስለት ነው፤ ኅዳር ላይ ከማኪናው እንደወረደች፣ ወደ ቤታችን ሳትገባ፣ ከደብሩ አጥር ተንበርክካ ለምና የወለደችው ነው። “ሰጠኝና ይኸው እሱ ሲያልፍ እኔ ከግድግዳ ኋላ ነኝ” አለችኝ። አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ታቦት ፊት አትቀርብምና ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ እኔ እንዳላይባት ብላ መሰለኝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ቀትር ላይ ከበሮው ቀረበ። መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ከመታጠፊያው፣ ኋላ ደግሞ የቤታችንን ግድግዳ የሚመታ እስኪመስል ድረስ። እትዬ ወለላን አየኋት፤ ዓይኗ ተከድኗል፣ የተኛች መሰለኝ። ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ፣ አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለውን ሕግ በአዲሱ ቀሚሴ ረግጬ ወጣሁ። ካቡ ላይ ወጣሁና ዓለሙን ሁሉ አየሁት። ቀይና ሰማያዊ ጥላ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ድባብ፣ የካህናቱ ጥምጥም፣ አቧራው፣ የጎረምሶቹ ዱላ፤ ወንድሜ ታምሩ ደግሞ አንድ ጫማው ጠፍቶበት በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ባዶ ሆኖ፣ ይኸም ሳይበግረው ወደ ላይ ይዘላል። ፀሐዩ ጸጉሬ ላይ ያለውን ቅቤ አቅልጦ በአንገቴ አወረደው። እልል አልሁ፤ ቆይቼ ዘወር ስል እትዬ ወለላ የቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች።

ጋቢዋን ከራሷ ጥላ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት እየመታት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ማንም እንዳይሰማት እልል ትላለች። እንባዋ እየወረደ ነው። ደስ ሲላት እንደዚያ ሆና አላየኋትም፤ ከዚያም ወዲህ ሆና አላየኋትም። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥሁ፣ ከካቡ ላይ ዘልዬ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ መቀመጥ የሚባለውን ነገር ረስቼ፣ እንደነደድሁ፣ እንዳላበኝ፣ ልጁን ከእጇ ተቀብዬ ጉንጩን ጉንጬ ላይ ለጥፌ ይዤው ወደ ውስጥ ሮጥሁ። እሷም ተከትላኝ አልጋዋ ላይ ወደቀች። ተያየንና ሳቅ ፈነዳን።

“አንቺም አላየሽኝ፣ እኔም አላየሁሽ” አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብለን ተማማልን።

ማታ ሰዎቻችን ሲመለሱ እናቴ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ አባቴ ጀርባውን ይዞ፣ ታምሩ እግሩ ቆስሎ ነበር፤ እኛ ሁለታችን በሹሩባና በገንፎ አምሮብን፣ ያሳዝናሉ እየተባባልን አየናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢያድግልኝ ጡት አልይዝ አለ። ገላው እንደ ፍም ነው፤ ልቅሶውም ልቅሶ መሆኑ ቀርቶ ክር ክር የሚል ድምፅ ሆኗል። እናቴ ዳማከሴ ጨመቀች፣ ጸበል ረጨች፣ ከዚያም ምርመራዋን ጀመረች። ከፀሐይ መጥቶ ማን ገባበት? አባቴን ጠየቀች፣ ታምሩን ጠየቀች። ይባስ ብሎ አያ ሞላ በዚያው ቀን ልጁን ሊያይ ቅቤና ማር ይዞ ከድብ ባሕር ደርሷል፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲበርድ ሁሉንም በተከፈተው በር እየሰማ ነው። እኔ ከውሃ በርሜሉ ጥግ ቆሜያለሁ። የገባሁበት እኔ ነኝ። ልጁ ይሞታል፤ እትዬ ወለላ ጓዟን ተሸክማ ትወጣለች፤ ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናቴ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺስ ብርቄ? ተናገሪ። ወጥተሻል?”

ልናገር እንደነበር ዛሬም እምላለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ አፍ ቃል ከመውጣቱ በፊት ካልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

“ልጅቱን ተያት። እኔ ነኝ የወጣሁ። ታቦት አያለሁ ብዬ ልጄን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆምሁ።”

እናቴ ራሷን ያዘች። ደጅ የተቀመጠው አያ ሞላ ተነሣ፤ በሩ ላይ መጥቶ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ዘወር ብሎ ከግቢው ወጣ። እትዬ ወለላ አላለቀሰችም። የወጣበትን በር ብቻ ታይ ነበር። እኔ በቃ ትቷት ሄደ ብዬ በርሜሉ ሥር ተቀመጥሁ። እዚያ ተቀምጬ እንኳ እኔም ወጥቻለሁ፣ ያቀፍሁትም እኔ ነኝ ማለት አልቻልሁም። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ዓረፍተ ነገር ተናግሬያለሁ፣ እሷን ግን አልተናገርኋትም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የጋሪ ድምፅ ሰማን። በበዓሉ ሰሞን ማኪና ጠፍቶ፣ አያ ሞላ ፒያሳ ድረስ ሮጦ ባለጋሪ ለምኖ አምጥቷል። ድንጋዩ ላይ ሳይቀመጥ፣ እናቴንም ሳያስፈቅድ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሰተት ብሎ ገባና ልጁን በጋቢው ጠቀለለው።

“ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ” አላት። “ነገሩን ኋላ እናወራዋለን።”

ሐኪም ቤት እምብርቱ መርዞ ነው አሉ። መርፌ ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘ፤ በሳምንቱ እንደ ወይፈን የሚጮህ ልጅ ሆነ። እናቴ ነርሷ ፊት ራሷን እየነቀነቀች ሰምታ ስታበቃ፣ ቤት ስንገባ ምች መሆኑን እነሱ ምን ያውቃሉ አለች። አያ ሞላም ኋላ እናወራዋለን ያለውን ነገር እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላወራውም። እናቱ ግን ከማን እንደሰሙት እንጃ አወሩት። ስለ ሌላ ሚስት ማንሣቱ በልጁ ማደግ ቀረ፣ ሽሙጡ ግን አልቀረም፤ ሰርግ ይሁን ተዝካር፣ ድብ ባሕር በሄድን ቁጥር፣ ታቦት አያለሁ ብላ ልጇን ልትቀብር የነበረችው ምራቴ ይቺ ናት እያሉ ለእንግዳው ሁሉ ያስተዋውቋታል። እሳቸው ሲሞቱ ወሬውን ሌሎቹ ምራቶቻቸው ወረሱት። እትዬ ወለላ ፈገግ ብላ ጠላ ትቀዳለች። እኔን ግን ቀና ብላ አታየኝም፤ ብታየኝ እንደምናገር ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ እኔም አቀርቅሬ እጠጣለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጀርም ምን እንደሆነ፣ ቁስል እንዴት እንደሚመርዝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለስንት ልጅ አስረድቻለሁ፤ ያቃጠለው የኔ ጉንጭ እንዳልሆነም ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት የተከራይዋን ልጅ ለማየት ስሄድ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ እስክበርድ ጠብቄ ነው የገባሁት። በጥምቀትም ከቤት የማልወጣው መጀመሪያ መጀመሪያ ለንስሐ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ያ ጸጥታ ስለሚጥመኝ ሆነ። ባዶ ሰፈር፣ ከሩቅ የሚሰማ ከበሮ፣ ማንም የማያየው አዲስ ቀሚስ። ይኸን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሁለት ክረምት ሆኗታል ካረፈች።

ሽታው አሁንም እንደመጣ ነው ቢያድግልኝ ግቢውን ከፍቶ የገባው። ለበዓሉ ልጆቹን ይዞ ከደባርቅ መጥቶ እኔ ዘንድ ነው ያረፈው፤ የደጄን መቃን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ረጅም ሰው ሆኗል፤ ጠጉሩም ሸብቷል። አዲሱ ጫማ እግሬን በላኝ ብሎ ሰዉን ትቶ ተመልሷል። ጫማውን በእጁ ይዞ ከደረጃው ላይ ተቀመጠና አራስ አለች እንዴ አለኝ። አስቤበት አይደለም፤ ሽታው ይሁን፣ እናቱን የሚመስለው አቀማመጡ ይሁን፣ ሁሉንም ነገርሁት። መውጣቴን፣ ማቀፌን፣ ዝም ማለቴን፣ እናቱ ከሰማችው ሽሙጥ ግማሹ የኔ እንደነበር። ተናግሬ ስጨርስ እንደ ልጅ ጭኔን በእጄ ይዤ ነበር።

የያዘውን ጫማ ከደረጃው ላይ አስቀመጠ።

“እትዬ ብርቄ” አለኝ በመጨረሻ፣ “እማዬ አንቺ ወጥተሽ ነበር ብላኝ አታውቅም። ልጅ ሆኜ እዚህ ልጠይቅሽ ስትልከኝ ሁሌ የምትለኝ አንድ ነገር ነው። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥምቀትን ትታ፣ እኔ ስተኛ አንተን ስትጠብቅ የዋለች እሷ ናት፣ እሷ ፊት ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ ነው የምትለኝ።”

ከዚያም ተነሥቶ ጠላ ሊቀዳልኝ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር እንዳለብኝ እንኳ ለገዛ ልጇ ሳትነግር ነው የሄደችው። ያን ለት እኔም ነኝ ብል ኖሮ፣ ከዚያም በኋላ በነዚያ ሁሉ ዓመታት በአንዱ ሰርግ፣ በአንዱ ተዝካር ላይ ብል ኖሮ፣ ሽሙጡን ለሁለት ተካፍለን፣ እንደ ልማዳችን ተያይተን እንስቅበት ነበር። ብቻዋን ነው የሰማችው።